ፈውስ ነው ወይስ ጥቃት

ሉባባ ይመር አጥንት ከመሳቧ በፊት የበሽተኛውን አፍ ታለማምዳለች።

«በል እስቲ፣ ፈውስ ነው በል።»

«ፈውስ ነው።»

«ምነው፣ ቁርስህን አልበላህም? ጮክ በል! ሲያምህም እንደዚሁ ነው የምትለው።»

«ፈውስ ነው!»

«ተባረክ። በል አሁን ሚስትህን የት እንዳገኘሃት አጫውተኝ።»

ሰውየው ሚስቱን ያገኘበትን ቦታ ሊናገር አፉን ሲከፍት ትከሻው ቋ ብሎ ወደ ቦታው ይገባል። ጩኸቱ የኮምቦልቻን ዳገት ይወጣል። ወዲያው በሁለቱም ሰዎች የእጅ አንጓ ላይ የታሰረው የጉልበት መለኪያ፣ ሚዛኑ፣ ቢጫ ይበራና፣ ሰው ሁሉ ከእናቱ ድምፅ እኩል የሚያውቀው ያ የሴት ድምፅ ይጠይቃል፦ «ድንገተኛ ጉልበት ተመዝግቧል። ፈውስ ነው ወይስ ጥቃት?»

መመለስ ያለበት በሽተኛው ነው። የወጌሻዋን መልስ ሚዛኑ አይቀበልም። በሽተኛው «ፈውስ ነው» ሲል መብራቱ ይጠፋል። «ጥቃት ነው» ካለ ወይም ዝም ካለ ግን የጸጥታ ሰዎች ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ግንድ የሚያክል ድንጋይ ጠራቢ ጉልበቱ ሲገባለት «ጥቃት ነው! ኧረ ገደለችኝ፣ ጥቃት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሉባባን ይዘዋት ሲሄዱ ሰውየው በዳነው እግሩ ከኋላ እየሮጠ «ፈውስ ነው ማለቴ ነው! እናቴ ትሙት ፈውስ ነው!» ሲል ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጎረቤቷ ጦይባ እስከ ዛሬ ያንን ወሬ ሳትመርቅ ቆሎ አትሸጥም። ሉባባ ግን አልሳቀችም። አፍ ማለማመድ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

የፈራችው ልጓምን ነው። ልጓም በሁለቱ አንጓዎች ላይ የሚገባ አምባር ነው። ክንድ በዝግታ ሲንቀሳቀስ መኖሩ አይታወቅም፤ ፈጠን ሲል ግን ይገትራል። ከልክ አልፎ የመታ ሰው ቀሪ ዕድሜውን እሱን አጥልቆ ይኖራል። ልጓም የገባለት ሰው መጉረስ ይችላል፤ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ ማቀፍም ይችላል። ማጨብጨብ ግን አይችልም፤ ሠርግ ላይ እጆቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲቀመጥ ይታወቃል። አጥንት መሳብም አይችልም። የወጌሻ ሥራ ደግሞ ያቺ አንዲት ድንገተኛ ጉልበት ናት፤ ሌላው ቅቤ ማሸትና ወሬ ነው።

ሥራውን ያወረሳት አባቷ ነው። ይመር ወጌሻ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ሲያስተምራት ከሁሉ አስቀድሞ የነገራት ስለ አጥንት አልነበረም፤ ስለ ጆሮ ነበር። «ከጀመርሽ አትልቀቂ» ይላት ነበር። «ይሰድብሻል፣ ይረግምሻል፣ በልጆችሽ ይለምንሻል። አትስሚ። ግማሽ መንገድ ላይ የተተወ አጥንት ከተሰበረው ይብሳል። እጅሽ ሲሠራ ጆሮሽ ይተኛ።» ሉባባ ይህን ተምራ አደገች። እጇ ሲሠራ ጆሮዋ ይተኛል።

የሚዛን ሕግ ሲወጣ ክፉ አስቦ ያወጣው ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን አንዲት ሴት ሌሊት በሯን ሰብሮ የገባባትን ሰው በዘነዘና ትመታዋለች። ሰውየው ይሞታል። ፍርድ ቤቱ «የመጀመሪያው ምት ይሁን፣ ሁለተኛውን ለምን መታሽ?» ብሎ ይጠይቃትና መልስ ስታጣ ያስራታል። ሴቶች ተቆጡ። «ተቀምጦ የሚጠይቅ፣ ቆሞ ለሚሞት ልክ አያወጣም» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ስለዚህ ልኩን የሚያወጣ ነገር በሰው ሁሉ አንጓ ላይ ታሰረ። አሁን የተጠቃ ሰው ማሰብ አይጠበቅበትም። ሚዛኑ የአጥቂውን ጉልበት፣ የስለቱን ቅርበት፣ የተጠቂውን የልብ ምት አይቶ «መግፋት ተፈቅዷል» ወይም «መምታት ተፈቅዷል» ይላል። ነፍስ የሚያሰጋ ሲሆን «ሁሉም ተፈቅዷል» ይልና የጊዜ መስኮት ይከፍታል። መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ የሚደረገውን ማንም አይጠይቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈርተኛው በአዳራሽ ተሰብስቦ ልክ ይለማመዳል። አማትና ምራት፣ ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ ፊት ለፊት ቆመው ሚዛኑ በፈቀደው መጠን ይገፋፋሉ። «ትንሽ በዛ፣ እማማ» ይላል አሠልጣኙ። እማማም «ምን ላርግ ልጄ፣ የልቤን ነው የገፋሁት» ይላሉ። ይሳቃል፤ ወደ ቤት ይኬዳል።

ሚዛኑን የሠሩት ሰዎች ሩቅ አገር ነው ያሉት። ጉልበትን፣ ርቀትን፣ የልብ ምትን አንድም ሳያስቀሩ አስበውበታል። ቃልን ግን አላሰቡትም። ሚዛኑ ራሱ ለጠየቀው ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ እንጂ ሌላ ቃል አይሰማም።

ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሉባባ የአንዲት አራስ ወገብ አሽታ፣ ከገበያው ኋላ ባለው የድንጋይ ደረጃ ስትወርድ አንድ ክንድ ከኋላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ሌላው እጅ ሽቦ መቁረጫ ጉጠት ይዞ አንጓዋን ፈለገ።

የወጌሻ ሚዛን ይፈለጋል። የሌላው ሰው ሚዛን ጉልበት ሲያይ ይፈርዳል፤ የወጌሻ ግን፣ ከሌላ ሰው ሚዛን ጋር ሲነካካ፣ አስቀድሞ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሚዛን የያዘ ሰው የደበደበውን ሰው አስፈራርቶ «ፈውስ ነው» ማሰኘት ይችላል። ስለዚህ ለእነዚህ ሚዛኖች ጥሩ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፤ የሚላኩላቸውም ሥራ የፈቱ ሰዎች አሉ።

ሉባባ ትንፋሽ አጠራት። ዓይኗ ውስጥ ጥቁር ነገር መጣ። «ከባድ ስጋት» አለ ሚዛኑ። «ሁሉም ተፈቅዷል። ሁሉም ተፈቅዷል።»

ጉጠቱን የያዘውን አንጓ ያዘች። ከዚያ በኋላ ያለው ለእሷ ከባድ አልነበረም። ክንዱን ጠምዝዛ ከሥሩ ወጣችና ትከሻውን ከቦታው አወጣችው። ጉጠቱ በደረጃው እየነጠረ ወረደ። ሰውየው በጉልበቱ ተንበረከከ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፊቱ አመድ የመሰለ ሰው ነበር። ክንዱ በእጇ እንዳለ ቀና ብሎ አያት።

«በሕግ አምላክ!» አለ። «በሕግ አምላክ!»

የድሮ ቃል ነው። ድሮ ይህን የተባለ ሰው ይቆማል። ዱላ ያነሣም፣ ሌባ የሚያሳድድም፣ ባላጋራውን መሬት ላይ የጣለም ቃሉን ሲሰማ ባለበት ይቆማል። ካልቆመ ጥሉ ከሰውየው ጋር መሆኑ ቀርቶ ከአገሩ ጋር ይሆናል። ዛሬ ሽማግሌዎችና ሽማግሌ ያሳደጋቸው ሰዎች ካልሆኑ የሚለው የለም።

«ሁሉም ተፈቅዷል» አለ ሚዛኑ።

ሉባባ ጉልበቷን ከክርኑ ሥር አስገባችና ክንዱን በማይታጠፍበት በኩል አጠፈችው።

ቋ አለ።

ቆየት ብሎ ሚዛኗ አረንጓዴ በራ። «ስጋቱ አልፏል። ምላሽዎ በልክ ነው። አይዞዎት።»

*

ዳኛዋ በዕድሜ ከሉባባ ታንሳለች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ችሎቱ የፈጀው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ያህል ነው።

«ወይዘሮ ሉባባ፣ ነፃ ነዎት። እንኳን ተረፉ።»

«በሕግ አምላክ ብሎኝ ነበር» አለች ሉባባ።

ዳኛዋ ቀና አለች። «ማን?»

«ልጁ። ትከሻው ከወጣ በኋላ።»

«ከዚያስ?»

ሉባባ ዓይኗን ወደ እጆቿ አወረደች። ዳኛዋ ከፊቷ ያለውን ቃል የሚመዘግብ ማያ በመዳፏ ሸፈነችው።

«ይስሙኝ። ሚዛኑ ቃል አይመዝንም። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ክፍት ሳለ ያደረጉትን እኔም አልጠይቅዎትም። እርስዎ በአፍዎ ‹መቆሙን አውቄ ቀጠልኩ› ካሉኝ ግን መዝገቡን መክፈት ግዴታዬ ነው። እንዲህ ተከፍቶ ያለ ልጓም የተዘጋ መዝገብ ደግሞ አላየሁም።» ወደ ሉባባ እጆች ተመለከተች። «እናቴን ወገቧን ያቃናላት ወጌሻ ነው።»

«ትክክሉ የቱ ነው?»

«እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ልኩን እንድናገር ነው። ትክክሉን ቤትዎ ገብተው ያስቡበት።» መዳፏን ከማያው ላይ አነሣች። «እና፣ ምን ብለው ነበር?»

«ምንም» አለች ሉባባ።

ስሙ ፋንታው ጎበዜ የሚባለው አጥቂም የተፈረደበት በዚያው ሰዓት ነው። በልክ የተጎዳ አጥቂ አይታሰርም። የመጨረሻው ጉዳት ፍርዱ ነው ይባላል። ፍርድ በመሆኑም ትከሻውን መልሰው፣ ሕመም ማስታገሻ ሰጥተው፣ ክርኑን እንደተሰበረ ትተው ወደ ቤቱ ሰደዱት። ሐኪም ቤት ፍርድ አያፈርስም። ስለ ወጌሻ ሕጉ ያለው ነገር የለም፤ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ወጌሻ ቤት ሄደው አያውቁም።

*

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ከቅዳሜዎቹ በአንዱ አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ ምስል አበራ። የድንጋዩ ደረጃ ነበር። የአጥቂው ፊት ተሸፍኗል፤ የሉባባ ግን ግልጽ ነው።

«ልብ በሉ» አለ አሠልጣኙ። «አላመነታችም። መስኮቱ ሲከፈት ተጠቀመችበት። ይቺ ጎረቤታችሁ ናት፤ አጨብጭቡላት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሉባባ ግን ምስሉ ላይ የራሷን ፊት እያየች ነበር። የክርኑ ስብራት ጊዜ ላይ ሲደርስ ፊቷ ላይ ፍርሃት ፈለገች። ቁጣም ፈለገች። ሁለቱንም አጣች። የምታየው ፊት በየቀኑ በሽተኛ ፊት ለፊት የምታቀርበው፣ ያ ጭምት የሥራ ፊቷ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሰውየው ያላትን ለጦይባ ነገረቻት።

ጦይባ በመንገዱ መሀል ቆመች። «እና እሱ ነው እንቅልፍ የነሣሽ? አንቆ ቢገድልሽ ኖሮ ይሄኔ ጀናዛሽን አውጥተን ረስተንሽ ነበር።»

«እሱስ እውነት ነው።»

«‹በሕግ አምላክ› አለኝ ትላለች እኮ! አንቺን ሲያንቅ ሕጉስ አምላኩስ የት ሄደው ነበር? ወይስ ትከሻው ሲያመው ነው የመጡለት?»

«ጦይባ፣ ቆሞ ነበር።»

«ጅብ እግሩን ሲመቱት ይቆማል። ቆሟል ብለሽ ጀርባ ትሰጪዋለሽ?»

ሉባባ መንገዷን ቀጠለች። ጦይባ ልክ እንደሆነች ታስብ ነበር። ልክ መሆኗ ግን አላሳረፋትም።

በማግስቱ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ የብዙ ሰው ሚዛን ሲጮህ ሰምታ ወጣች። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ማጅራታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያክል ድንጋይ ተሸክመዋል። የመንገደኛው ሚዛን ሁሉ «ቀላል ስጋት፣ ይራቁ፤ ቀላል ስጋት፣ ይራቁ» ይላል። ሚዛን ድንጋይ የያዘ ሰው ካየ ሊወረውር ነው ብሎ ነው የሚገምተው። ሽማግሌው ግን ድንጋዩን የያዙት ለይቅርታ ነበር። የበደለ ወይም ልጁ የበደለበት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ተበዳዩ «ይጣሉት» እስኪል ቀና አይልም።

«የፋንታው አባት ነኝ» አሉ መሬት መሬት እያዩ። «ጎበዜ እባላለሁ። የልጄን ጥፋት ይዤ መጥቻለሁ።»

«ኧረ በአላህ ይጣሉት አባባ! ይጣሉት!»

ድንጋዩ ደጃፏ ላይ ዱብ አለ። አባ ጎበዜ ወገባቸውን ለማቅናት ጊዜ ወሰደባቸው። ግቡ ብትላቸው አልገቡም፤ ደፉ ላይ ተቀመጡ።

«ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ። አፈርኩ። ይኸው ክረምቱ አለፈ። ሰው አንቆ የሚዘርፍ ልጅ አላሳደግሁም ብዬ ነበር፤ ለካ አሳድጌአለሁ።»

«ክንዱስ?» አለች ሉባባ።

«እንደ ማጭድ ጎብጦ ቀርቷል። ግድግዳ ቀቢ ነበር። ፍርዱ ነው ብለውናል፤ ፍርድ አልሟገትም።» በሐፍረት ፈገግ አሉ። «ደግሞ ቅጥፈቱ! ‹በሕግ አምላክ ብያት ቀጠለች› ይለኛል። በጥፊ አልኩት። ሽማግሌ አባትህ ፊት አትቅጠፍ፣ ክፉም ብትሆን የሰው ልጅ በሕግ አምላክ ተብሎ አይቀጥልም፣ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አንሥቶትም አያውቅ።»

ሉባባ የበሩን መቃን ያዘች። ልትናገር ከንፈሯን ስታላቅቅ ሽማግሌው ተነሥተዋል።

«አላህ ይስጥሽ ልጄ። ዛሬ ተኝቼ አድራለሁ።»

ድንጋዩ እዚያው ቀረ። በሽተኞች ሲገቡ ይደናቀፉበታል። «ይሄን ምነው አታስነሺውም?» ይሏታል። እሷም ሲገቡ ሲወጡ ታየዋለች። አንድ ቀን የአንዲት ልጃገረድ ቁርጭምጭሚት ስትስብ ልጅቷ «በናትሽ ተይኝ!» ስትል የሉባባ ጆሮ ነቃ። በዕድሜዋ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ልጅቷን «ፈውስ ነው» አሰኝታ ከላከቻት በኋላ ወጥታ፣ ነጠላዋን ማጅራቷ ላይ አጥፋ ደርባ፣ ድንጋዩን አነሣችው።

ጦይባ የቆሎ እንቅቧን ጥላ መጣች። «ወዴት ነው?»

«ልመልሰው።»

«ድንጋይ ይመለሳል እንዴ! ይጣሉት ብለሽ አልቋል። አንቺ ሴት፣ እነዚህን እጆች ለማን ልትሰጫቸው ነው?»

ሉባባ ድንጋዩን አመቻችታ መንገድ ጀመረች። ቁልቁለቱን ስትወርድ የሰው ሚዛን ሁሉ ከፊቷ ይጮህ ነበር። «ቀላል ስጋት፣ ይራቁ።» ገበያተኛው ግራና ቀኝ ተከፈለላት። የሚያውቋት ሴቶች እንኳ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳቡ። ቅዳሜ ያጨበጨቡላት ናቸው።

*

የአባ ጎበዜ ቤት ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። ፋንታው ግድግዳውን ተደግፎ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ሲያያት ተነሥቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሁለቱም ሚዛን ቀይ በራ። «ቀድሞ የተመዘገበ ስጋት። ይራራቁ።»

አባ ጎበዜ ከቤት ወጡ። «ምን ሆነሻል ልጄ? የተበደልሽው አንቺ! ምነው ድንጋዩን?»

«ሰምቻለሁ አባባ» አለች ሉባባ መሬት መሬት እያየች። «በሕግ አምላክ ሲለኝ ሰምቻለሁ። ልጅዎ አልቀጠፈም።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ በጥፊ የመቱበትን እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት፤ የሚያስቀምጡበት ያጡ ይመስሉ ነበር።

ፋንታው «ይጣሉት» አላላትም። ድንጋዩ ሥር አቁሞ ጠየቃት።

«ለምን ቀጠልሽ?»

«አላውቅም። እጄ ሲሠራ ጆሮዬ ይተኛል፤ አባቴ ያስተማረኝ ነው። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እውነት ይሁን ሰበብ ግን አላውቅም።»

«ፈርተሽ ነበር?»

«መጀመሪያ። ስትንበረከክ ግን አልፈራሁም።»

ፋንታው መሬቱን በእግሩ ጫረ። «ሳንቅሽ ሚዛንሽን ብቻ ወስጄ ልሄድ ነበር እላለሁ። ለአባቴም እንዲያ ነው ያልኩት። ግን ትንፋሽሽ ሲያጥር ይሰማኝ ነበር፤ ክንዴን አላላላሁም። እለቅሽ ነበር ወይ? እኔም አላውቅም።» ቀና ብሎ ድንጋዩን አየ። «ጣይው በቃ። አንገትሽ ይሰበራል።»

ድንጋዩን አወረደችው። ከዚያ ሳትጠየቅ ቀረብ ብላ ክርኑን በዓይኗ መረመረችው።

«ይቃናል» አለች። «መጀመሪያ ግን እንደገና ይሰበራል። ያው እጅ፣ ያው ጉልበት ነው። ሚዛኑ አንተንና እኔን ያውቀናል፤ ይጠይቅሃል። ጥቃት ነው ካልክ፣ ወይም ዝም ካልክ፣ ልጓም ይገባልኛል። ለምን እንዲህ አልክ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። እኔም አልከስህም።»

«ተይ ልጄ!» አሉ አባ ጎበዜ። «ይሄ ልጅ ምን እንደሚል ማን ያውቃል?»

ፋንታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ሰውን አፍ ታለማምዳለች ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን አታለማምጂኝም?»

«አንተን አላለማምድህም። የምትለውን አንተ ታውቃለህ።»

ሚዛኖቻቸውን አነካኩ። ቀዩ ወደ ቢጫ ተለወጠ። አባ ጎበዜ ቅቤ አመጡ። ሉባባ ክርኑን ረጅም ጊዜ አሸችው። የራሷን ሥራ በጣቶቿ እያነበበች ነበር፤ አጥንቱ የት ላይ እንደለቀቀ፣ የት ላይ ዝም ብሎ እንደገጠመ። እንደ ሌላው በሽተኛ ሚስቱን የት እንዳገኘ አልጠየቀችውም። ሐሳቡን ወደ ሌላ ነገር ልትወስድበት አልፈለገችም።

«ልጀምር ነው።»

«ጀምሪ።»

ያዘችና ሳበች። የገጠመው አጥንት ተላቀቀ። ፋንታው እንደ በሬ አጓራ፤ አባቱን ጠራ፤ እናቱን ጠራ። የሉባባ ጆሮ፣ እንደለመደው፣ ሊተኛ ሸለብ አደረገው። አጥንቱ ወደ ቦታው ለመግባት ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«በሕግ አምላክ!» አለ ፋንታው።

የአባቷ ድምፅ መጣ፤ ከጀመርሽ አትልቀቂ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የተተወ አጥንት ከተሰበረው ይብሳል። እውነት ነበር። ወጌሻ ሁሉ የሚያውቀው እውነት ነው።

ሉባባ ጣቶቿን ከፈተች። ክንዱን ጭኑ ላይ ቀስ አድርጋ አጋደመችና ሁለት እጆቿን ወደ ላይ፣ እሱ በሚያያቸው ቦታ አነሣች። በቅቤው ያብረቀርቁ ነበር።

«ድንገተኛ ጉልበት ተመዝግቧል» አለ ሚዛኑ። «ፈውስ ነው ወይስ ጥቃት?»

ፋንታው ያለከልካል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። የተላቀቀ ክንዱን አየ፤ ከዚያም በአየር ላይ የቆሙትን እጆች።

«ፈውስ ነው ወይስ ጥቃት?»

ሉባባ እጆቿን አላወረደችም። አልለመነችውም።

«ፈውስ ነው» አለ ፋንታው።

ቢጫው ጠፋ። ወንዙ ይሰማ ጀመር። ፋንታው ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ከዚያ በደህናው እጁ ጎባጣውን ክንዱን ከጭኑ ላይ አነሣና ወደ እሷ ዘረጋው።

«ቀጥይ» አለ። «ካልኩሽ ግን ትቆሚያለሽ።»

«እቆማለሁ» አለች ሉባባ፤ ክንዱንም ተቀበለችው።